ውሻ ለቃቂው ይመስገን

በዚህ አገር ለሁሉም ሽልማት አለ። ለሯጩ ሜዳሊያ፣ ለግብር ከፋዩ የምስክር ወረቀት፣ ለባለሀብቱ ካባ። ውሻውን ለቅቆ የሚያሳድረውን ሰው ግን እስከ ዛሬ አንድ ጋቢ እንኳን ያለበሰው የለም። ያሳዝናል። ሌላው ሰው ለሰፈሩ የሚያዋጣው ቢበዛ የእድር ገንዘብ ነው። እሱ ሙሉ ውሻ አዋጥቷል፤ ጥርሱን ጨምሮ።

ለወጉ ያህል ጋሽ እንቶኔ እንበላቸው። በየሰፈሩ አንድ ጋሽ እንቶኔ አይጠፋም። አንዳንድ ሰፈር እንዲያውም ከጋሽ እንቶኔ በቀር ሌላ ነዋሪ ያለ አይመስልም።

ጋሽ እንቶኔ ውሻ አይገዙም። ቡችላው በነፃ ይመጣላቸዋል። ከጎረቤት፣ ከመሥሪያ ቤት፣ ከአማች። "ወንድ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ወንድ ከሆነ ይቀበላሉ። ስሙም ቦቢ ይባላል። የፊተኛውም ቦቢ ነበር፤ ከሱ በፊት የነበረውም እንደዚያው። መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ ይሻሙበታል። ወተት ይቀዳለታል። ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ቦቢ ያድጋል። ሆዱም አብሮት ያድጋል። ያኔ ጋሽ እንቶኔ ታላቁን ውሳኔ ይወስናሉ፦ ሲመሽ በሩን ገርበብ ያደርጉለታል።

"የጠገበ ውሻ ይተኛል፤ የራበው ይጠብቃል" ይላሉ። ይኼን የበጀት አያያዝ ገንዘብ ሚኒስቴር ቢሰማው አማካሪ ያደርጋቸው ነበር። ቦቢ ቁርሱን ከሥጋ ቤት ጀርባ ይበላል። ምሳውን ከኮንዶሚኒየሙ የቆሻሻ ገንዳ። ገንዳ ውስጥ የነበረው ላስቲክ፣ ዳይፐርና የሽንኩርት ልጣጭ መንገዱ ላይ ይዘረገፋል፤ ለጽዳት ሠራተኞች ተጨማሪ የሥራ ዕድል ነው። ለኪዳን የሚወጡ እናቶች ድንጋይ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መሄድ ለምደዋል። ማለዳ የሚሮጠው ወጣትም ቀድሞ የሚሮጠው በሰዓት ነበር። አሁን ከቦቢ ጋር ነው የሚሮጠው፤ ሰዓቱም በጣም ተሻሽሏል።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የባለቤትነት ጥበባቸው ነው። ሌባ አጥር ሊዘል ሲል ቦቢ ጮኾ ያስመለሰው ዕለት፣ ጋሽ እንቶኔ በጠዋት ወጥተው ለሰፈሩ ሁሉ ያወራሉ። "የኔ ቦቢ እኮ! አሳዳጊው ማን ሆነና!" በሳምንቱ ደግሞ አንዲት እናት በራቸውን ታንኳኳለች።

"ጋሼ፣ ውሻዎ ልጄን ነከሰብኝ።"

"የቱ ውሻ?"

"ቦቢ ነዋ!"

"ቦቢ? እንዴ የኔ ልጅ፣ እሱ እኮ የሰፈር ውሻ ነው። እኔ አልፎ አልፎ ፍርፋሪ ብጥልለት ነው እንጂ..."

ፍርፋሪውን ማመናቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ይኼን ቢያጠኑት ደስ ይለኛል። ውሻው ሲጠብቅ የግል ነው፤ ሲናከስ የሕዝብ ነው፤ ሲታመም የመንግሥት ነው፤ ሲሞት ደግሞ የአስፋልቱ ነው። ቤት እንዲህ በቀላሉ ስም የሚዛወርለት ቢሆን ስንቱ ሰው እፎይ ባለ!

ማስኮላሸት የሚባለውን ነገር ጋሽ እንቶኔ አይወዱም። "እግዜር የሰጠውን!" ይላሉ። እኔም እላለሁ፦ እግዜር የሰጠውን ጎረቤት ያሳድገው። ሴቷ ቡችላ ዕጣዋ ሌላ ነው። ማንም አይወስዳትም። ስለዚህ ከእህቶቿ ጋር በማዳበሪያ ተቋጥራ፣ ማታ በመኪና ትሄድና ወንዝ ዳር ወይም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ትራገፋለች። ይኼ በሰፈሮች መካከል የሚደረግ የስጦታ ልውውጥ ነው። እኛ ለነሱ እንልካለን፣ እነሱም ለኛ ይልካሉ። ከተረፈች ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ለመውለድ ትችላለች። ስጦታው ከነወለዱ መሆኑ ነው።

የጋሽ እንቶኔ በረከት ከተማ ውስጥ ብቻ ይቀራል ብላችሁ አትስጉ። እንዲህ ዓይነት ልማድ ተራራ ይወጣል። ባሌ ድረስ ይወጣል።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። ከባሕር ወለል በላይ 4 ሺህ ሜትር ያለፈ፣ ብርዱ አጥንት የሚገባ ሜዳ ነው። ቀይ ቀበሮ ያለው እዚያ ነው። ቅልጥሙ ረጅም፣ አፍንጫው ሹል፣ ፀጉሩ ቀይ፣ ደረቱ ነጭ። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ለአካለ መጠን የደረሱት ሁሉ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም። አንድ ደህና የሠርግ አዳራሽ ይበቃቸዋል፤ ወንበርም ይተርፋል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። የቀሩት በሰሜን ተራሮች፣ በወሎ ደጋ፣ በመንዝ ጓሳና በአርሲ ጥቂት ጥቂት ሆነው ተበታትነዋል። የሚበሉት በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። ከፍልፈሎቹም ትልቁ፣ ያ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ጭንቅላቱን ብቻ ብቅ የሚያደርገው፣ ራሱ ከባሌ ሌላ የማይገኝ ነው።

እኛ በዚህ እንስሳ እንኮራለን። ፖስተር ላይ አለ። የቱሪዝም ማስታወቂያ ላይ አለ። የባሌ ተራሮች ፓርክ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ እንኳን ደስ አላችሁ ተባብለናል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ቀበሮውን የሚቆጥሩት በዚያ ስለሆነ።) ብርቅዬያችን ነው እንላለን። ከዚያ ውሻችንን እንለቅበታለን።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ለይቼ ላስቀምጥ። ባሌ ላይ ከብት የሚያግደው ሰው ውሻ ያስፈልገዋል። ጅብ አለ፣ ነብር አለ። ሌሊት ከበረቱ ዳር የሚጮኽ ከሌለ ጠዋት ጥጃ አይኖርም። የእንስሳት ሐኪም ደግሞ ደጁ ላይ የለውም። እሱ ላይ ለመቀለድ አፌ አይደፍርም። የማወድሰው ልማዱን ነው፤ ውሻ ራሱን ይመግብ፣ ራሱን ያክም፣ ሲፈልግ ይምጣ የሚለውን። ይኼ ልማድ ጋሽ እንቶኔ ጋ ሲሆን ሰበብ እንኳን የለውም። ሐኪሙ ከቤታቸው በታክሲ አንድ ፌርማታ ነው።

ታዲያ ራሱን የሚመግበው ውሻ ሜዳውን ይዞራል። ጥንብ ይበላል። ቀበሮውን ያባርራል። አንዳንዴም ይተዋወቀዋል። ባህላችን ደግሞ ባዶ እጅ እንግድነት አይወድም። ውሻውም ባዶ እጁን አልሄደም፤ የእብድ ውሻ በሽታን ይዞ ሄደ።

በ1991 እና በ1992 ባሌ ላይ ገባና መንጋ መንጋውን ጨረሰ። በ2003 ተመልሶ መጣ። ያኔ እዚያው ባሌ፣ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ አለቁ። በ2008 ደግሞ መጣ። በ2014 ደግሞ መጣ። በመካከሉ አሰልቺ እንዳይሆን ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታ በ2010 እና በ2015 ተራውን አስገባ። ቀበሮው ለማደን ብቻውን ቢወጣም ኑሮው በመንጋ ነው። ጎህ ሲቀድ ይሰበሰባሉ፣ ይላላሳሉ፣ ድንበራቸውን አብረው ይዞራሉ፣ የአንዷን ግልገሎች ሁሉም ያበላሉ። ለበሽታ ከዚህ የተመቸ ቤት የለም። አንዱን ከያዘ ሰላምታው ብቻ ለሁሉም ያዳርሰዋል። ቦቢ የጀመረውን ቀበሮዎቹ በፍቅር ይጨርሱታል።

ጋብቻም አለ። በወብ ሸለቆ ከሴት ቀበሮና ከወንድ ውሻ የተወለዱ ክልሶች ታይተዋል። አፍንጫቸው አጠር፣ ሰውነታቸው ደንደን ያለ። የቦቢ ዘመዶች ከብርቅዬ ቤተሰብ ጋር ተጋቡ ማለት ነው። ጋሽ እንቶኔ ይኼን ቢሰሙ ሽማግሌ ሳይላክ በመሆኑ ቅር ይላቸው ይሆናል። አምስት መቶ የማይሞላ ቤተሰብ ውስጥ የሚሊዮኖች ዘር ሲገባ ማን ማንን እንደሚውጥ ግን አይጠይቁም። ውሾቹ እኮ የሰፈር ናቸው።

አሁን ደግሞ እነማን እንደሚደክሙ ተመልከቱ። ከ1995 ጀምሮ የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የሚባል አለ። በየዓመቱ መንደር ለመንደር እየዞረ በሺህ የሚቆጠሩ ውሾችን ይከትባል። ውሻው ላይ ብቻ መድከሙ አልበቃ ሲል ቀበሮዎቹን ራሳቸውን መከተብ መጣ። መጀመሪያ እየያዙ በመርፌ ነበር። ኋላ በአፍ የሚወሰድ ክትባት ተሞከረ። ቀበሮው ምን ቢሰጠው እንደሚበላ ተፈተነና የፍየል ሥጋ አንደኛ ወጣ። በ2018 ሥራው በመደበኛነት ተጀመረ። ክትባቱን ሥጋ ውስጥ ይሸጉጡና በሌሊት፣ በዚያ ብርድ፣ በፈረስ እየዞሩ ለየመንጋው ያድላሉ።

እስቲ አስቡት። ለቀበሮው ፍየል ታርዶለት፣ ፈረስ ተጭኖለት፣ ሰው እንቅልፉን አጥቶለት። ለቦቢ የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ገመድና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ጋሽ እንቶኔ ቅዳሜ ለቅሶ አለባቸው።

ከመቶ ውሻ ሰባው ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል ይላሉ ባለሙያዎቹ። ደግ ሒሳብ ነው። ሠላሳው ቢቀርም ችግር የለም ማለታቸው ነው። ጉዳቱ፣ ሁሉም ሰው ከሠላሳው መሆን ይፈልጋል።

ሰው ላይ የሚያደርሰውን ሳላነሳ ማለፍ ያስነውራል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በዓመት 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ብሎ ይገምታል። የሚይዛቸው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከውሻ ነው። ከአሥሩ አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ደግሞ የትናንት አይደለም፤ ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን ልጅ የከተበው በ1885 ነው፣ ከአድዋ ጦርነት በፊት። ያንን በሆዳችን ዙሪያ በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ይወጋ የነበረውን መርፌ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ጋሽ እንቶኔ መንደሩን በዚህ መርፌ አማካይነት አንድ አድርገውት ነበር። ወረፋው ላይ ሁሉም ቦቢን ያውቀዋል።

ባለሥልጣኖቹም ከምስጋናው ድርሻ አላቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እነሱ እንዲያውም የሚነሱት ጅቡም ውሻውም ከሄደ በኋላ ነው። ልጅ ሲነከስና ጫጫታ ሲበዛ ዘመቻ ይታወጃል። ዘመቻው መርዝ ነው። ሥጋ ውስጥ ይከተትና ሌሊት ይበተናል። ጠዋት ውሻው ተዘርግቶ ይገኛል። ጥንብ አንሳውም ወርዶ ከሱ ይበላል፤ እሱም ይዘረጋል። አገር የሚያጸዳውን ወፍ ጨምሮ መግደል ከአንድ ጥይት ሁለት ወፍ ይሻላል። ከዚያ ሰፈሩ ባዶ ይሆናል፤ ገንዳው ግን ሞልቷል። ምግብ ያለበት ባዶ ቦታ ደግሞ ብዙ ባዶ ሆኖ አይቆይም። ከወዲያ ማዶ አዲስ ውሾች ይመጣሉ፣ አንዳቸውም ክትባት አያውቁም። ጋሽ እንቶኔም አዲስ ቡችላ ይቀበላሉ። ቦቢ ይሉታል።

ድመት ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ተረሳን ብላችሁ እንዳይከፋችሁ። የናንተን ውለታ የማታስቆጥር ድመት ስለሆነች ነው፤ ስትገድልም አትጮኽም። የዱር ድመት በአገራችን አለ፤ የቤቷ ድመት ቅድመ አያት ማለት ነው። የቤቷም ሌሊት ወጥታ ከሱ ትዳቀላለች፣ ቀስ በቀስ ንጹሑ ዘር ይጠፋል። ወሬ የለም፣ ነካሽ የለም፣ ክስ የለም። ጋሽ እንቶኔ ይኼን ጸጥታ ቢያዩ ቦቢን በድመት ይለውጡት ነበር።

ሌላው ዓለም ግን ለድመት ነፃነት ክብር የለውም። ጀርመን ውስጥ ዋልዶርፍ የምትባል ከተማ በ2022 ድመት ከቤት እንዳትወጣ አገደች። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ! ምክንያቱ መሬት ላይ ጎጆ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ወፍ ናት፣ እዚያ አገር ልታልቅ የደረሰች። ድመቱን የለቀቀ 500 ዩሮ፤ ድመቱ ወፏን ከገደለች እስከ 50 ሺህ ዩሮ። በአውስትራሊያዋ ካንቤራም ከሐምሌ 2022 ጀምሮ የተወለደች ድመት አጥር አታልፍም። አውስትራሊያውያን በዚህ ነገር የሚቀልዱ አይደሉም፤ ድመት ከሰው ጋር በመርከብ ከመጣ ወዲህ ሌላ የትም የማይገኙ ብዙ ትንንሽ እንስሶቻቸው ላይመለሱ ጠፍተዋል። ኒውዚላንድ ደግሞ አንዲት የማትበር ወፍ ነበረቻቸው፣ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ብቻ የቀረች። በ1894 ገደማ ድመት ገባ። ጥቂት ዓመት አልቆየም፣ ወፏ የለችም። የምትገኘው ሙዚየም ውስጥ ነው።

ይኼን ሁሉ ለጋሽ እንቶኔ አጫወትኳቸው። ሳቁ። "ለወፍ?" አሉ። "ለወፍ 50 ሺህ ዩሮ? እኔ ለሰውም አልከፈልኩ!"

እውነታቸውን ነው፣ አልከፈሉም።

የሚገርመኝ የጋሽ እንቶኔ ወንድም ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። እዚያ ውሻውን በቀበቶ ይዞ ያናፍሳል። አንገቱ ላይ የክትባት ቁጥር አንጠልጥሎለታል። ውሻው ሲጸዳዳ ከኪሱ ላስቲክ አውጥቶ ጎንበስ ብሎ ያነሳል፣ ኮቱን እንደለበሰ። ይኼን ሁሉ የሚያደርገው ቅጣት ስላለ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ውሻውን ይወደዋል፣ ልደቱንም ያከብርለታል። ክረምት ላይ ለእረፍት ሲመጣ ግን የወንድሙ ግቢ ይገባና በመጀመሪያው ምሽት በሩን ገርበብ የሚያደርገው እሱ ነው። "ምን ላድርግ፣ አገሩ ነው" ይላል። ከሜሪላንድ ይዞት የመጣው ቁምሳጥን ሙሉ ልብስ ነው፤ ገመዱን እዚያው ረስቶታል።

አንድ ቀን ወረዳው በድምፅ ማጉያ ለፈፈ። የውሻ ክትባት አለ፣ ነፃ ነው፣ ውሻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች ጠረጴዛ ዘርግተው ቁጭ አሉ። ጥቂት ሰው ውሻውን እየጎተተ መጣ። አንዳንዱ ውሻውን ተሸክሞ ነው የመጣው። ጋሽ እንቶኔ ከበራቸው ላይ ቆመው በአድናቆት ይመለከታሉ። ቦቢ መንገዱ መሀል ጋደም ብሎ ፀሐይ ይሞቃል። አንዷ ልጅ መዝገቧን ይዛ ወደሳቸው መጣች።

"ጋሼ፣ ይኼ የእርስዎ ውሻ ነው?"

ጋሽ እንቶኔ አሰቡ። ነፃ ነው መባሉን ሰምተዋል።

"የኔ ነው።"

"እሺ፣ ይያዙልንና እንውጋው።"

"እኔ?" አሉ፣ አንድ እርምጃ ወደ ግቢያቸው ሸሸት ብለው። "ልጄ፣ ቢነክሰኝስ?"